ጃፓንኛ ከሰኞ ጀምሮ

ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሰኞ ብዙ ተጭኖበታል። ሲጋራ የሚተወው ሰኞ ነው፣ ሩጫ የሚጀመረው ሰኞ ነው፣ ወጪና ገቢ መመዝገብ የሚጀመረውም ሰኞ ነው። በዲላና በይርጋጨፌ ወጣቶች ዘንድ አሁን አሁን አንድ ተጨማሪ ጭነት መጥቶበታል፤ ጃፓንኛ። ባለዕቅዱ አስተማሪ አይፈልግም፣ በራሱ ሊማር ነው። አዲስ ደብተር ይገዛል፣ ሽፋኑን በላስቲክ ይለብጣል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በማስመሪያ ሰንጠረዥ ያወጣል። ፊደሉን በቀይ፣ ሰዋስዉን በሰማያዊ፣ እሑድን ደግሞ «ክለሳ» ብሎ በአረንጓዴ ይሞላል። ከቴሌግራም ያወረደው የፒዲኤፍ ክምር ስልኩን ከማጣበቡ የተነሳ ፎቶ አላነሳ ብሎታል። ግቡም ተጽፏል፤ በሦስት ወር መግባባት፣ በዓመቱ ኤን 1 የሚባለውን የመጨረሻውን የጃፓንኛ ፈተና ማለፍ። ፈተናው ከኤን 5 ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ አምስት እርከን እንዳለው አሳምሮ ያውቃል፤ ከታች መጀመር ግን እንዲህ ላማረ ሰንጠረዥ አይመጥንም። ከዚያ ሰኞ ይመጣል። ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ለቅሶ ይሆናል፣ ወይ የቡና ለቀማው ይደርሳል። ደብተሩ ሳይነካ እንዳማረበት ይከርማል፤ ባለቤቱም ለጠየቀው ሁሉ «ጃፓንኛ እየተማርኩ ነው» ከማለት አይቦዝንም።

ስንፍና ነው ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ብሎ ተገላግሏል። «እወቅ ያለው በአርባ ቀኑ፣ አትወቅ ያለው በአርባ ዓመቱ» የሚለው ተረትም ለዚህ ፍርድ ምስክር ሆኖ ይጠራል። እኔ ግን ጥፋቱ ከባለዕቅዱ ይልቅ የዕቅዱ ነው ባይ ነኝ። ዕቅዱ የተቀዳው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የቱ ከባድ፣ የቱ ቀላል፣ የቱ ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደሚመጣ የወሰነው ከኦሃዮ ወይም ከሊቨርፑል ተነስቶ ቶኪዮ ለመድረስ ያሰበ ሰው ነው። ከይርጋጨፌ የሚነሳው ሰው የቆመው ሌላ ቦታ ነው፤ በቋንቋ መንገድ ከሆነ ደግሞ ለቶኪዮ እሱ ይቀርባል። ቅርቡን ሰው በሩቁ ሰው መንገድ ልከነው፣ ደክሞት ሲቀመጥ ሰነፍ እንለዋለን።

ፍርሃቱ የሚጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ጃፓንኛን እጅግ ከባድ ከሚላቸው ጥቂት ቋንቋዎች መድቦ፣ 88 ሳምንት ወይም 2200 የክፍል ሰዓት ይፈጃል ይላል። ስለ ጃፓንኛ ትንሽ ያነበበ ሰው ይህን ቁጥር ሳያገኘው አይቀርም። በቀን አንድ ሰዓት ብለን ብናካፍለው ስድስት ዓመት ይመጣል፤ ሦስት ወር ብሎ ለጻፈ ልጅ ይህ መርዶ ነው። ነገር ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለ፤ 44 ሳምንት፣ 1100 ሰዓት። ያ አማርኛ የዲላ ገበያ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ከጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ ከጌዴኡፋ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም ከኦሮምኛና ከሲዳምኛ ጋር እያፈራረቀች የምትጠቀምበት አማርኛ ነው። ልጅቷ 1100 ሰዓት ክፍል አልተቀመጠችም፤ አማርኛ ከባድ መሆኑንም የነገራት የለም። ዝርዝሩ የሚለካው እያንዳንዱ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው እንጂ የቋንቋዎቹን ክብደት አይደለም፤ ተቋሙም ሌላ አላለም። ለሌላ ሰው የተላከ መርዶ ሰምተን ደረት የምንደቃው እኛ ነን።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጃፓንኛ መማሪያ መጽሐፍ ገና ጥቂት ገጽ እንደሄደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ከባድ ነገር ይነግራል፤ በጃፓንኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያነብ መጠየቅ ያለበት «ታዲያ የት ሊመጣ ኖሯል?» ብሎ ነበር። አይጠይቅም፤ መጽሐፉ ስለደነገጠ አብሮ ይደነግጣል። «ዋታሺ ዋ ኮሂ ኦ ኖሚማስ» ሲባል እኔ፣ ቡና፣ እጠጣለሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉ አልተናጋም። ቡናው ጀርባ የተለጠፈችው «ኦ» የምትሠራው ሥራ «ቡናውን» ስንል ከመጨረሻ ያለችው «ን» የምትሠራውን ነው። ጥያቄ ሲሆን «ካ» ትጨመራለች፤ እነሱ «ኪማሽታ ካ?» ሲሉ እኛ «መጣ ወይ?» እንላለን፣ ሁለታችንም የጥያቄዋን ምልክት ከግሱ በኋላ እናስቀምጣለን። «ቡና ጠጥቶ ሄደ» የሚለው አባባል ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ሳምንታት የሚያንገላታ ነው፤ «ጠጥቶ» የምትባለው ቃል ብቻዋን ዓረፍተ ነገር የማትዘጋ፣ ከፊት የሚመጣ ሌላ ግስ የምትጠብቅ መሆኗ አይገባውም። በጃፓንኛ «ኮሂ ኦ ኖንዴ ኢኪማሽታ» ነው፤ «ኖንዴ» ጠባይዋ የ«ጠጥቶ» ነው። «ትናንት ገበያ የገዛሁት ቡና» የሚለውንም ቃል በቃል ብንከተለው ጃፓኖች ትናንት፣ ገበያ፣ የገዛሁት፣ ቡና ብለው ነው የሚደረድሩት። እንግሊዙ ቡናውን አስቀድሞ አቅርቦ ታሪኩን በኋላ ይቀጥላል። እኛና እነሱ ግን ታሪኩን ሁሉ ዘርዝረን ቡናውን መጨረሻ ላይ ነው የምናወጣው፤ አድማጭም ነገሩ ስለ ቡና ይሁን ስለ በሬ ሳያውቅ በትዕግሥት ይጠብቃል። በዚህ ላይ የጃፓንኛ ግስ ለሴትና ለወንድ፣ ለአንድና ለብዙ አይለዋወጥም። ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄዱ፣ ሁሉም አንድ «ኢኪማሽታ» ናቸው። የአማርኛን ግስ ተሸክሞ ላደገ ሰው ይህ ቅናሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው «ሰዋስው ቋንቋ አይደለም፤ ቃላቱስ?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። ቃላቱ ዘመዳችን አይደሉም፤ አማርኛና ጃፓንኛ በትውልድ አይገናኙም፣ የሚመሳሰሉት በአካሄድ ብቻ ነው። ግን ቃላቱ ለእንግሊዙም ባዕድ ናቸው፤ እሱ የሚተርፈው ጃፓኖች ከአውሮፓ በተዋሱት ቃል ነው። በዚያ ዕቃ እኛም ተካፋይ ነን። ቢራ «ቢሩ» ነው፣ ሆቴል «ሆቴሩ»፣ ታክሲ «ታኩሺ»፣ ራዲዮ «ራጂኦ»፣ ካሜራ እዚያም «ካሜራ»። አንድ መንገደኛ ሐዋሳ ከአውቶቡስ ወርዶ ለአንድ ምሽት የሚያስፈልጉት ቃላት በአብዛኛው እዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። አምስቱ የጃፓንኛ አናባቢዎች ከአማርኛ ሰባቱ ውስጥ ሳይቸገሩ ይገኛሉ። ማጥበቅና ማላላትንም እናውቃለን፤ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር መሆኑን ማንም ሕፃን ይለያል። ጃፓንኛም እንደዚሁ ነው፤ «ኪቴ» ላልቶ የመምጣት ነገር ነው፣ ጠብቆ ደግሞ ፖስታ ላይ የሚለጠፍ ቴምብር። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ለመስማት ጆሮው እንደገና መሠልጠን አለበት። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጃፓንኛ አናባቢን ማስረዘምና ማሳጠር ትርጉም ይለውጥበታል፤ «ኦባሳን» «ባ» ካጠረች አክስት ወይም መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት፣ ከረዘመች አያት ናት። አማርኛ ይህን ልዩነት አያውቀውም። ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው የዲላ ልጅ ቶኪዮ ገብቶ የአርባ ዓመት ባለሱቅ ሴት «አያቴ» ብሎ ጠርቶ ሊያስቀይማት ይችላል። ጌዴኡፋ የሚናገረው ጎረቤቱ ግን አይሳሳትም፤ ጌዴኡፋ የደጋው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ወገን ስለሆነ እንደ ዘመዶቹ አናባቢን ማስረዘምም፣ ተነባቢን ማጥበቅም ያውቃል። ግሱም መጨረሻ ላይ ነው፤ የባለቤትና የተሳቢ ምልክቶቹም ከስሙ ጀርባ ይለጠፋሉ። በዚህ መለኪያ ከይርጋጨፌ ነዋሪዎች መካከል ለጃፓንኛ በጣም የተዘጋጀው፣ ሰንጠረዥ ያላወጣው፣ ቡናው ሥር እንሰት የተከለው ገበሬ ነው።

እንዲያውም አማርኛ ራሱ ግሱን ወደ መጨረሻ የገፋው ከእነዚህ ጎረቤቶች ተምሮ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ግዕዝ ግሱን ማስቀደም ይወዳል፤ አማርኛ ግን ከኩሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጋር ለዘመናት አብሮ ሲኖር አካሄዱን ለወጠ። ከሊቃውንቱ አንዱ ቮልፍ ሌስላው ይህን የኩሽ ተጽዕኖ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ዘርዝሮታል። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪው ለጃፓንኛ መቅረብ ከቶኪዮ የመጣ ስጦታ አይደለም፤ ከጌዴኦና ከወንድሞቹ የተበደረው፣ እስካሁንም ያልከፈለው ዕዳ ነው።

ይህን ያህል ከሄድን በኋላ ትልቁ ተቃውሞ በራሱ ጊዜ ይመጣል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ። ዲላ ተወልዶ፣ ዲላ አድጎ፣ ጌዴኡፋ ሰላምታ ከመስጠት የማያልፍ ሰው ጃፓንኛ ልማር ሲል አያሳፍርም ወይ? ያሳፍራል። ግን ተቃውሞው እኔን ከመቃወም ይልቅ ያግዘኛል። ጌዴኡፋ መማር ከጃፓንኛ የሚያዘናጋ ሳይሆን የጃፓንኛ መሰናዶ ክፍል ነው። አናባቢ ማስረዘምን ከስልክ ድምፅ ለመልመድ ከመታገል ጌዴኡፋ በሚነገርበት ጨለለቅቱ ገበያ አንድ ጠዋት መዋል ይሻላል፤ መምህራኑ ብዙ ናቸው፣ ክፍያው ቡና መጋበዝ ነው፣ ስህተት ሲሰሙም በሳቅ ያርማሉ። ሰው ግን እንዲህ ነው፤ ከበሩ ያለውን ቋንቋ እንደ ዕውቀት አይቆጥረውም፤ አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ካልራቀ ደብተር አይገዛለትም። ባለዕቅዱ ሰንጠረዡ ላይ ከጃፓንኛ በፊት የሦስት ወር ጌዴኡፋ ቢጨምር ዕቅዱ ላይሰምር ይችላል፤ ቢያንስ ግን ሰኞ ዕለት የሚያነጋግረው ሰው አያጣም።

ፊደሉን በተመለከተ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ የጃፓን ፊደላት መሠረታዊ ምልክቶቻቸው 46፣ 46 ናቸው፤ ተደምረው 92። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ነው፤ ካ አንድ፣ ኪ አንድ፣ ኩ አንድ። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝቶ 231 ቆጥሮ ላደገ ሰው ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዙ «አንድ ምልክት፣ ሁለት ድምፅ» የሚለውን ለመቀበል መጀመሪያ የራሱን ፊደል መርሳት አለበት። ለእኛ የሚጎድለው የቤተሰብ መልክ ነው፤ የእኛ ካ ከኩ ጋር ወንድምነቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፣ የእነሱ ግን አይተዋወቁም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ባለዕቅዱ ሁለት ወር መመደቡ ለሰንጠረዡ ውበት ካልሆነ ለሌላ አይደለም።

አክብሮትን ግን ማለፍ አይቻልም፤ ብዙ የእኛ ልጆች የሚበላሹት እዚህ ነውና። ጃፓኖች ለታላቅ የሚነገር፣ ለእኩያ የሚነገር፣ ራስን ዝቅ አድርጎ የሚነገር የተለያየ ቃል አላቸው፤ «አንተ» የሚለውን ተውላጠ ስም ደግሞ በተቻለ መጠን ይሸሹታል፣ ስም ጠርተው «ሳን» ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያለ፣ ጋሼና እትዬ እያለ ያደገ ሰው ግን ነገሩ ከደሙ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ ባለዕቅዱ ጃፓንኛን የሚሰማው ከአኒሜ መሆኑ ነው። «ናሩቶ»ንና «ዋን ፒስ»ን ሲያይ አድሮ፣ እኔን «ኦሬ»፣ አንተን «ኦማኤ» እያለ ይነሳል። ቃላቱ ትክክለኛ ጃፓንኛ ናቸው፤ ግን አማርኛን ከአውቶቡስ ተራ ረዳት ብቻ ተምሮ ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ እንግዳ ያደርጉታል። አስቂኙ ነገር፣ ይህ ልጅ እናቱ ቤት ሲገባ ለአጎቱ ከመቀመጫው ብድግ የሚል ጨዋ ነው። በጃፓንኛ ባለጌ የሆነው ያለውን ጨዋነት ይዞ መግባት እንደሚችል የነገረው ስለሌለ ነው።

«እሺ፣ ቀላል ነው እንበል፤ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። ጃፓንን መመኘት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ቶኪዮ ደርሰው መጡና መጽሐፋቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» አሉት። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ወሰደ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ የካይዘን ሰንጠረዥ የለም። ከዘጠና ዓመት በላይ የጃፓንን ሕግ፣ ሥልጣኔና አሠራር ወደናል። በነጻ ትምህርት ዕድል ሄደው ቋንቋውን አቀላጥፈው የተመለሱ አሉን፤ ከእነሱ ውጭ ያለው ሰው ግን ከጃፓን ጋር የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። ግስ በመጨረሻ የሚያመጡ ሁለት ሕዝቦች፣ ሁለቱም ወደማይመቻቸው ቋንቋ ተሰድደው ይገናኛሉ።

«ቡና ለመሸጥ እንግሊዝኛ በቂ ነው» የሚሉም አሉ። ለመሸጥ በቂ ነው፣ እስማማለሁ። ጃፓን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ የሆነችው እኛ ጃፓንኛ ስላወቅን አይደለም። ግን ነገር ሲበላሽ የሚነገረው በማን ቋንቋ እንደሆነ ማየት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን መርማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘን ሲሉ ግዢው ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን መድኃኒት ነክቶት እንደማያውቅ እየማለ የገበያውን ዋጋ መውረድ አየ። ጥርጣሬው በኋላ ወደ ጆንያው ዞረ። ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የይርጋጨፌንና የሲዳሞን ስም ጃፓን ውስጥ በንግድ ምልክትነት ስታስመዘግብ፣ የጃፓን የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ይህ የቦታ ስም እንጂ የንግድ ምልክት አይደለም ብሎ ተቃወመ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ምዝገባውን ሰረዘ፤ ጉዳዩ ወደ አእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2010 እ.ኤ.አ. ስረዛው በከፊል ተገለበጠ። «ይርጋጨፌ» ስትባል የምትታሰበው ከተማ ናት ወይስ የቡና ዓይነት የሚለው ክርክር ቶኪዮ ላይ፣ በጃፓንኛ፣ በዳኞች ፊት ተካሄደ። ይርጋጨፌ ከተማ ውስጥ ያ ፍርድ የሚነካው ሰው ብዙ ነበር፤ ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ግን ማን ነበር? የቡና ማጠቢያው ባለቤት፣ አቅራቢው፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ሁሉም ጃፓንኛ ይወቁ አልልም። ከአንድ ዞን ሕዝብ መካከል አስር ሰው ቢያውቅ ግን ትርፍ አይሆንም።

እስካሁን ቀላሉን ብቻ ያነሳሁ እንዳይመስል ካንጂን ላምጣ። ካንጂ ከቻይና የመጣው የምልክት ጽሕፈት ነው፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተወሰኑት 2136 ናቸው፤ የጃፓን ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ 1026ቱን ማወቅ ይጠበቅበታል። አንዱ ምልክት እንደ ገባበት ቦታ ሁለትም ሦስትም ዓይነት ይነበባል። እዚህ ላይ አማርኛም ጌዴኡፋም ምንም አይረዱንም፤ ከኦሃዮው ሰው እኩል እንሆናለን። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዝኑልን ምልክቶች ይገኛሉ። አንድ ዛፍ ዛፍ ነው፣ ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ትንሽ ጫካ ይሆናል፣ ሦስት ዛፍ ተደራርቦ ደን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የጥምር ደን መልክዓ ምድሩን ዩኔስኮ ለመዘገበለት ለጌዴኦ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ከሥሩ ቡናና እንሰት የት እንደገባ ግን ይጠይቅ ይሆናል። የቀሩት ሁለት ሺህዎቹ እንዲህ አይራሩም። በቀን ሁለት ቢያዙ፣ ከተያዙት አንድም ባይጠፋ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃሉ፤ ይጠፋሉም። ዕቅድ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ካንጂን የሚያነሳው መጨረሻው ወር ላይ፣ ከ«ክለሳ» በፊት ባለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ሰው ግስ መጨረሻ ላይ በመምጣቱ ሲያለቅስ የሚያሳልፈውን ጊዜ እኛ ብናተርፈው፣ የተረፈው ጊዜ ወደዚህ ሳጥን መግባት ነበረበት።

የሚያነጋግር ሰው አለመኖሩም እውነተኛ ችግር ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኔትወርክ ሲኖር ኢንተርኔት አለ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት ከውጭ አገር የሚመጣ ቡና ቀማሽም አይጠፋም። ከቀማሾቹ መካከል ጃፓናዊ ቢገኝ እንኳ አፉ በቡና የተሞላ ስለሆነ ለውይይት አይመችም። ስለዚህ በራሱ የሚማር የይርጋጨፌ ሰው መጀመሪያ አንባቢ፣ ቀጥሎ አድማጭ፣ ኋላ ተናጋሪ ቢሆን ይሻለዋል። ሕልሙ «በሦስት ወር መግባባት» ለነበረ ሰው ይህ ቅር ያሰኛል። መግባባት ያለው እኮ ከሰው ጋር ነው፤ ሰው ከሌለ ወረቀት ማንበብ ይቀራል፤ ፍርድ ቤትም፣ የጉምሩክ ሠራተኛም፣ ቡና ገዢም መጨረሻ ላይ የሚያወጡት ወረቀት ነው።

ለዚህ ሰው መጽሐፍ የሚጻፍለት ቢሆን ቀጭን በሆነ ነበር። ስልክ ላይ ያለው ዱኦሊንጎ በአማርኛ በኩል ጃፓንኛ አያስተምርም፤ ቴሌግራም ላይ የተከመረውም ፒዲኤፍ በእንግሊዝኛ ለሚያስብ አንጎል የተጻፈ ነው። በአማርኛ ቢጻፍ ስለ ግስ ቦታ አንድ መስመር፣ ስለ ማጥበቅ አንድ መስመር፣ ስለ አክብሮት «እንደለመድከው ሁን» የሚል ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ የቀረው ሁሉ ካንጂ ይሆናል። የመጀመሪያ ትምህርቱም «ስሜ እገሌ ነው» አይሁን፤ የዲላ ልጅ ስሙን የሚነግረው ጃፓናዊ አላገኘም። ይልቅ ቶኪዮ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ የቡና ከረጢት ፎቶ ይውጣ። ከተማችን ስሟ እዚያ በካታካና፣ ብዙ ጊዜ በሰባት ምልክት ተጽፏል፤ ኢ፣ ሩ፣ ጋ፣ ቺ ከትንሽ ኤ ጋር፣ ፉ ከትንሽ ኤ ጋር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጃፓኖች «ይር» ማለት አቅቷቸው «ኢሩ» እንደሚሉ ያሳያሉ፤ ሦስተኛው ካ ሆኖ ሁለት ትንንሽ ጭረት ሲያክሉበት ጋ እንደሚሆን፤ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ ትልቁ ምልክት ትንሹን አዝሎ እንዴት ቼና ፌ እንደሚያወጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ከስሙ በታች ያለው ዋጋ በተለመደው አኃዝ ስለተጻፈ ትምህርት አያስፈልገውም፤ አንድ ኪሎ እሸት ቡና ይርጋጨፌ ላይ ስንት እንደተሸጠ የሚያውቅ ሰው ያለ መዝገበ ቃላት ያነበዋል።